ያልወደቀችው ሞተር

ሞተር ያለ ሰው ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ይኼን ጥያቄ ዛሬ ማንም አንስቶ ቢጠይቀኝ ከቤቴ አስወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከነፋስ ስልክ እስከ ላፍቶ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስኳር ጠፍቶ፣ ጤፍ እሳት ሆኖ፣ የሰው ልጅ ከየቤቱ እየተለቀመ፣ የኛ ሰፈር ሰው በየበሩ ቆሞ «ትወድቃለች»፣ «አትወድቅም» ይባባላል። እኔም አብሬ እባባል ነበር። ምን ላድርግ! የወንድሜ ነገር እዚያች ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል።

ወንድሜ ጌቱ ይባላል። እናታችን ሆሳዕና ከተማ ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አምጥቼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከሆዴ ልጅ አልወጣም፤ እሱ ነው ልጄ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ጴንጤ ሆነ። ይሁን፣ ምን ቸገረኝ! አይጠጣ፣ አያመሽ። ጣጣው የመጣው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ሲል የኔው ጉድ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። «አንተ፣ ለምን አትልም?» ሲሉት «ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው፤ እሱን ዝቅ አድርጌ ሌላውን ከፍ ማድረግ ይከብደኛል» አላቸው። በትህትና፣ ደግሞም እየሳቀ። ያ ሳቁ ነው እኔን የሚያሳብደኝ። ሲመቱትም ይስቃል፣ ስቆጣውም ይስቃል። እዚያው አንጠልጥለው ወሰዱትና ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረው ቤት ዘጉበት። ክረምቱን ሙሉ ስንቅ አመላለስኩ። በሩ ላይ ያለው የአብዮት ጥበቃ የምግቡን ሰርቪስ ከፍቶ «ቅመሺ» ይለኛል፤ መርዝ እንዳልጨመርኩበት ለማወቅ ነው አሉ። ያሳደግኩትን ልጅ የምመርዝ! እቀምሳለሁ፤ «ለማነው?» ይለኛል፤ «ለጌቱ» እላለሁ፤ ይወስዳል። ሲያውቀኝ ሲያውቀኝ በየቀኑ «ለማነው?»።

ባሌ መዝገቡ ሞተረኛ ነበር። ለአንድ ዱቄት ፋብሪካ በቀይ ጃዋ ሞተሩ ደብዳቤና ዕቃ ያመላልሳል። ሰውዬው መሬት ላይ ሲሆን ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ከማንም የማይደርስ። ሞተር ላይ ሲወጣ ግን ዕድሜው ይጠፋበታል። የመካኒሳን ቁልቁለት እጁን ለቆ ይወርደዋል። ሲብስበት ደግሞ ኮርቻው ላይ ይቆማል! «አንተ ሰው፣ ብትሰበር አላስታምምህም፤ ከወዲሁ ልንገርህ» እለዋለሁ። «አንቺ ካላስታመምሽኝ ማን ሊያስታምመኝ ነው?» ይለኛል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

እንዲህ ቆሞ ሲወርድ ነው አምሐ ያየው። ጓድ አምሐ ልበል እንጂ፤ ያን ጊዜ ጓድ ሳይሉ ስሙን መጥራት አይቻልም። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ጢሙ በወጉ ሳይበቅል ሽጉጥ የበቀለበት። በነሐሴ መጨረሻ መዝገቡን አስጠራው። እኔም ለሴቶች ማኅበር ሰንደቅና መፈክር የምሰፋው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለነበር ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ሁሉን ሰማሁ።

«መስከረም ሁለት አራተኛው የአብዮት በዓል ነው» አለ አምሐ። «ከበላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ሌሎቹ ቀበሌዎች በካርቶን ታንክ እየሠሩ ነው። እኛ ታንክ አንሠራም። አንተ በሞተርህ ትመጣለህ፤ መድረኩ ፊት ስትደርስ ትወርዳለህ፤ ሞተሯ ብቻዋን መንገዷን ትቀጥላለች። ምን ማለት ነው? ሰፊው ሕዝብ ጌታ አያስፈልገውም ማለት ነው! ገባህ?» ዓይኑ በራ። እውነቴን ነው፣ በራሱ ሐሳብ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

መዝገቡ ራሱን አከከ። «ጓድ፣ ትችል ይሆናል» አለ። «ብትወድቅስ?»

«ብትወድቅማ አሻጥር ነው።»

አሻጥር ማለት ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ሰው ጠዋት አሻጥረኛ ከተባለ ማታ ቤቱ አያድርም። ደሜ ፈላ። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቼው ተነሳሁ። «ጓድ አምሐ፣ ካልወደቀችስ?» አልኩት። «ካልወደቀች ወንድሜን ይፈቱልኛል?»

ዞር ብሎ አየኝ፤ መኖሬንም ያወቀ አይመስልም። «ካልወደቀች» አለ፣ «ወንድምሽ የዚያኑ ዕለት ቤቱ ይገባል። ቃሌ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የሚባል የለም። ጎረቤታችን ኑሪ ደግሞ አለ፤ የባለ ሱቁ ኑሪ፣ ደግ ሰው፣ ክፉ ምላስ ያለው። ሱቁ ባዶ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሥራው መከራከር ነው። «ወላሂ ትወድቃለች!» ይላል። «ሁለት እግር ያለው ነገር ያለ ሰው ሲቆም አይቼ አላውቅም። በቅሎ እንኳ አራት እግር አላት!»

«ሥራዬ ብለህ አታሟርት!» እለዋለሁ።

«እኔ ምን አደረግኩ፣ ዓለሚቱ? እንዳትወድቅባችሁ ፈርቼ እኮ ነው!» ደግሞም እውነቱን ነው፤ ፈርቶ ነው።

መዝገቡ ተነሳና ከበራችን ያሮጌ ብስክሌት ቸርኬ አንስቶ መንገዱ ላይ አንከባለለው። ቸርኬው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ታች ሲደርስ ዘገየ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። «አየህ ኑሪ? ሲሮጥ ማን ይዞት ነበር? ማንም። የወደቀው ሲዘገይ ነው። ሞተርም እንደዚሁ ናት። ትንሽ ወደ ግራ ስታጋድል የፊት ጎማዋ ራሱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሲዞር መልሶ ያቀናታል። ከፍጥነቷ ካልወረደች ሰው አትፈልግም። እንዲያውም የሚያንገዳግዳት ሰው ነው።»

«ከሆነስ እሰየው፤ ዱዓ አደርጋለሁ» አለ ኑሪ። ግን አላመነም፤ ፊቱ ያስታውቃል።

የላፍቶው ሜዳ በክረምት እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር ጭቃ፣ የገባ እግር ጫማውን ትቶ ነው የሚወጣው። አምሐ ነዋሪውን በዘመቻ አስወጣና ቀይ አሸዋ አስደለደለ። ጳጉሜን ስትገባ ልምምድ ተጀመረ። መዝገቡ የሞተሯን ነዳጅ መስጫ በጎማ ቁራጭ አጥብቆ ያስራል፤ ፍጥነት ይዛ ስትሄድ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላዋ በኩል ሸርተት ብሎ ይወርድና ሮጦ ሮጦ ይቆማል። ሞተሯም ብቻዋን ትሄዳለች። መጀመሪያ የሄደችው ከዚህ እስከዚያ በር ድረስ ነበር፤ ተገልብጣ ተንፈራገጠች። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደቀች። ክርኑ ተልጦ ደሙ በቀይ አሸዋው ላይ ሲንጠባጠብ አምሐ ሽጉጡን እየነካካ «ጓድ መዝገቡ፣ ሆን ብለህ እንዳይሆን» አለው።

«ባንዲራው ነው፣ ጓድ» አለ መዝገቡ። እጀታዋ ላይ ትልቅ ቀይ ባንዲራ ተክለውባት ነበር፤ የሰፋሁት እኔው ነኝ። «ነፋሱ ባንዲራውን ሲይዘው እጀታዋን ይጠመዝዘዋል። የፊት ጎማዋ እንደ ልቧ እንዲዞር ይተውላት።»

ተከራክረው ተከራክረው ባንዲራው ተነሳ። በምትኩ የነዳጅ መያዣዋ ላይ በነጭ ቀለም «አብዮት» ብለው ጻፉባት። ይኼ ቀለም ነው፣ ነፋስ አይዘውም። መዝገቡ አስነሳት፣ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። ሄደች። እመቤቴን፣ ሄደች! ትንሽ ወዲህ ጋደል ትላለች፣ ራሷ ትቃናለች፤ ወዲያ ጋደል ትላለች፣ ትቃናለች፤ ሰው የተቀመጠባት ይመስል ሜዳውን አቋርጣ ጫፍ ላይ የተከመረው ገለባ ውስጥ ገብታ ተንተከተከች። ኑሪ ቆቡን መሬት ላይ ጣለ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይኼኔ ቢበቃን ምን ነበረበት! አምሐ ግን ያገኘው ደስታ አልበቃውም። በማግስቱ የደርጉን ሊቀመንበር ፎቶ በትልቅ ፍሬም ይዞ መጣ። «ይኼ ከፊት ይታሰራል» አለ።

የመዝገቡ ፊት አመድ መሰለ። ፎቶውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ አምሐን ጎተት አድርጎ ከሰው ለየው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «ጓድ፣ እለምንዎታለሁ» አለው። «ሞተር ናት፤ አንድ ጠጠር ብትረግጥ መውደቋ ነው። ባዶዋን ብትወድቅ ሞተር ወደቀች ነው። ይኼ ፎቶ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ተክሎ ቢገኝ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እርስዎም አለቀልዎ። ይቅር።»

አምሐ ፎቶውን አየው። ጭቃውን አየ። ያ ሁሉ ልበ ሙሉነቱ ከላዩ ሲወርድ ታየኝ። ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ከተተና «ልክ ነህ» አለ። እኔም ባሌን አይቼ በልቤ «ጎሽ የኔ አንበሳ፣ አሰብክልን» አልኩ። ማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

መስከረም ሁለት ነጋ፤ ዝናብ የለም። ከእንቁጣጣሹ ዶሮ ሁለቱን እግር ደብቄ አስቀምጬ ነበር፤ አንዱን ለጌቱ፣ አንዱን ለመዝገቡ፤ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ ላያቸው። መዝገቡ ጠዋት እህል አልቀምስ አለ። «ማታ ከጌቱ ጋር እበላለሁ» አለኝ። ሸሚዙን ተኩሼ አለበስኩት፤ የተላጠ ክርኑን እንዳይነካብኝ ቀስ ብዬ።

ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። መድረኩ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ከበላይ የመጡት እንግዳ ጥቁር መነጽር አድርገው መሃል ተቀምጠዋል፤ አምሐ ከጎናቸው ማይክሮፎን ይዞ ይቁነጠነጣል። የካርቶን ታንኮቹ አለፉ፤ አንዱ ጎኑ ተቀዶ የተሸከሙት ሰዎች እግር ይታይ ነበር፤ እንግዳው አጨበጨቡ። እኛ የሴቶች ማኅበር አልፈን ከገመዱ አጠገብ ቆምን። ከዚያ ሞተሯ ከሩቅ ስትጮህ ተሰማ።

መዝገቡ መጣ። ኮርቻው ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሸሚዙን ነፋስ ሞላው። ግራ እጁን ወደ መድረኩ ጨብጦ አነሳ፤ ከዚያ በኋላዋ ሸርተት ብሎ ወረደና ሮጥ ሮጥ አለ፤ ቆመ፤ ሰላምታ ሰጠ። ሞተሯ ሄደች። ጋደል ስትል ያ ሁሉ ሰው አብሯት ይጋደላል፤ ስትቃና አብሯት ይቃናል። ቀጥ ብላ፣ ኮራ ብላ፣ «አብዮት» የሚለውን ጽሑፍ እያሳየች መድረኩን አልፋ ሄደች። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ኑሪ «አላሁ አክበር!» እያለ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ እልል ብዬ አላውቅም። ጌቱ ተፈታ! በቃ፣ ጌቱ ተፈታልኝ!

ሲያጨበጭብ ያላየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ አምሐ ጎንበስ አሉ። ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበርና ሁላችንም ሰማን።

«ምን ማለት ነው ይኼ?»

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ጌታ እንደማያስፈልገው...»

«ላይዋ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?»

«አብዮት ይላል፣ ጓድ።»

«አብዮቱን ማን ነው የሚነዳው?»

ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

«አብዮቱ መሪ የለውም ነው የምትሉት?» አሉ እንግዳው፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «የሊቀመንበሩ ፎቶ የታለ?»

አምሐ ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ ወደ ባሌ አመለከተ። «እሱ ነው የከለከለው!» አለ፤ እያለቀሰ ማለት ይቻላል። «ፎቶው ከፊት ይሁን ብዬ አምጥቼ ነበር፤ ይቅር ብሎ የከለከለኝ እሱ ነው! ምስክር አለኝ!» ከመድረኩ ላይ ሆኖ ዓይኑ ገመዱን ዳበሰና እኔ ላይ አረፈ።

የሚያናድደው ውሸት አለመሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ጮኼ እሟገት ነበር። እውነት ነው፣ ከልክሏል። እንዳትወድቅ ብሎ፣ ወድቃም አምሐን እንዳታስበላ ብሎ። ይኼን ለማን ነው የምታስረዳው? ብትወድቅ አሻጥር፤ ባትወድቅ ደግሞ ይኸው! መዝገቡ ሰላምታ እንደሰጠ፣ እጁ ገና ሳይወርድ፣ ሁለት ታጣቂዎች በዚያ በተላጠው ክርኑ ያዙት። ወደ እኔ ዞሮ አንዴ አየኝ። ወደ ቀበሌው ግቢ ይዘውት ሄዱ። ሞተሯ ሜዳው ጫፍ ገለባው ውስጥ ገብታ ብቻዋን ትንተከተካለች፤ የሚያጠፋት አጥታ።

አመሻሹ ላይ ቀበሌ ሄድኩ። አምሐ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር የሄድኩት። አፌን ሳልከፍት «ወንድምሽን ሂጂ ውሰጂ» አለኝ። «ሞተሯ አልወደቀችም። እኔ ቃሌን አላጥፍም።»

እስቲ ምን ይባላል? ስለ መዝገቡ አንድ ቃል ብተነፍስ ጌቱንም መልሶ ይዘጋብኛል። ባሌን የበላውን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ነጠላዬን ይዤ፣ አመሰገንኩት። ይኼ ምስጋና እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው። መዝገቡን ከዚያ ቀን ወዲያ በዓይኔ አላየሁትም፤ እስከ ጥቅምት ስንቁን ተቀበሉን፣ በኋላ «እዚህ የለም» አሉን፤ የት እንዳለ የነገረን የለም።

ያን ማታ ግን ይኼን ሁሉ አላውቅም። ቤቴ ሮጬ ሁለቱንም የዶሮ እግር ሰርቪሱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ጠዋት እህል አልቀመሰም እኮ! ወደ መጋዘኑ በር ተመለስኩ። በሩ ተከፈተና ጌቱ ወጣ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል፣ ግን ያው ነው፤ ይስቃል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«እትዬ! ሰምተናል እልልታውን!» አለኝ። «ሁላችንም ጾመን ጸለይን እኮ፣ እንዳትወድቅ። እስላሞቹም አብረውን ዱዓ አደረጉ። አልወደቀችም፣ አይደል?»

«አልወደቀችም» አልኩት።

«ጌታ ይመስገን! አላልኳችሁም? ጋሼስ የታለ? ሳያየኝ ሊተኛ ነው እንዴ?»

የአብዮት ጥበቃው እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ሰርቪሱን ከእጄ ተቀበለኝ። ጌቱ እየሳቀ «እኔ እኮ ወጣሁ፣ ጓድ! እባክህ፣ መልስላት» አለው።

ሰውዬው አልሳቀም። «ለማነው?» አለኝ።

«ለመዝገቡ» አልኩ።

ከጎኔ የጌቱ ሳቅ ሲቆም ሰማሁት።

«ቅመሺ» አለኝ ሰውዬው፣ ክዳኑን ከፍቶ። እጄን ሰደድኩ፤ ቁራሹን ወደ አፌ አነሳሁት። ጌቱ ከጣቶቼ መሃል ወሰደና ቀመሰልኝ።